እናቴ የምትውልበት ቤት

እናቴ የተወለደችው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ጎንደርን በለቀቀበት ዓመት። አሁን ያለ ምርኩዝ አትራመድም። እኔ አራዳ ገበያ ቅመም ስለምሸጥ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። ባለፈው ክረምት ጓዳ ውስጥ ወደቀች። ጎረቤት እስኪደርስላት ሲሚንቶ ላይ ተኝታ ቆየች። የአረጋውያን ቀን መዋያ ማፈላለግ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ስነግራት አለቀሰች። «መጦሪያ ልትከቺኝ ነው? ልጅ እንደሌለኝ?» አለችኝ። ጠዋት ሄዳ ከሰዓት ቤቷ እንደምትመለስ ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አሁን አምስት ወሯ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ነርሷ ግፊቷን ሁለት ጊዜ ለካች፤ አንዴ አስተኝታ፣ አንዴ አቁማ። ስትቆም በጣም ወረደ። «እማማ፣ ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ ትንሽ ቁጭ ይበሉ» አለቻት። ለዓመታት የግፊት ክኒን ስትወስድ አቁሞ የለካት ሰው አልነበረም።

ጾሙ ከባድ ነበር። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አትቀምስም፤ ክኒኑንም ትዘለዋለች። ነርሷ አልተከራከረቻትም። የነፍስ አባቷን እንዳነጋግር መከረችኝ። እሳቸው መጥተው «ለታመመ ይፈቀዳል» ሲሏት እሺ አለች። አሁን ጠዋት በሶዋን ቀምሳ ክኒኗን ትውጣለች።

ከሁሉ የወደድኩት ግን እንደ ሕፃን አለማባበላቸውን ነው። ባዘቶና እንዝርት ይሰጧቸዋል። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ እናቴ ፈትል ከተወች ቆይታለች። እዚያ ከእኩዮቿ ጋር ተቀምጣ ትፈትላለች። ክሩ ይወፍራል፣ ይበጠሳል፣ ትቀጥለዋለች። በመሐል ተነስተው ጉልበታቸውን ያፍታታሉ፤ እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ። እቤት ውስጥም ሳታየኝ ስትለማመድ አይቻታለሁ።

የመዋያው ሽንት ቤት ግን መቀመጫ የለውም። ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው ምን ይሁን? እናቴ ይህን ፈርታ ውሃ መጠጣት ቀንሳ ነበር። ውሃ ማነስ ደግሞ ግፊቷ ሲወርድ የሚመጣውን ማዞር ያባብሳል። አናጢ ጋ ሄጄ መሐሉ ክፍት የሆነ ወንበር አሠርቼ ወሰድኩ፤ ይህ ግን የቤተሰብ ሥራ መሆን አልነበረበትም። የበሩ ደረጃም መደገፊያ ብረት የለውም። የባጃጁ ልጅ ነው በብብቷ ይዞ የሚያወጣት። አንድ ቀን አዙሯት ተኝታ ውላ እኔ የሰማሁት ማታ ነው። ተቆጥቼ ነገርኳቸው፤ አሁን ወዲያው ይደውላሉ።

ቅዳሜ ዝግ ናቸው። የእኔ ትልቁ ገበያ ደግሞ ቅዳሜ ነው። እስካሁን የጎረቤት ልጅ አብራት ትውላለች። አስተባባሪዋን ለመንኳት፤ እናቴ ዓርብ ዓርብ ለቅዳሜ የምትፈትለውን ባዘቶ ይዛ ቤቷ እንድትመጣ ፈቀደችላት።