ሁለት የኒኬል ልብጦች፣ አንድ ስም፦ የቱን እንምረጥ?

ሁለት ለባጮች ናሙና ሰጧችሁ እንበል። ሁለቱም «ኒኬል ከሲሊከን ካርባይድ (በጣም ጠንካራ ዱቄት) ጋር ነው» ይላሉ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ዕቃው ኒኬል በሟሟበት ገንዳ ውስጥ ይነከራል፣ ዱቄቱ በፈሳሹ ይበተናል፣ ከረንት ሲያልፍበት ኒኬሉ ዱቄቱን ይዞ ገጹ ላይ ይለጠፋል። በዓይን ሲታዩም ያው ግራጫ፣ ያው ደብዛዛ ናቸው። ተቆርጠው በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በአንዱ ጥቋቁሮቹ ቅንጣቶች ተራርቀው፣ እኩል ተበትነው ይታያሉ። በሌላው አንድ ቦታ ተከምረው የቀረው ባዶ ኒኬል ነው። ልዩነቱ የመጣው ከዱቄቱ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከገንዳው ነው።

የዱቄቱን ምርጫ ቶሎ እንለፈው። ለሞተር ሲሊንደር ግድግዳ ሲሊከን ካርባይድ የተፈተነ ነው። የጀርመኑ የሞተር ክፍል አምራች ማሌ በ1967 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኒካሲል የተባለ ልብጥ ይኸው ነው። አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ረከስ ይላል፣ መበላትንም ይቋቋማል። እንዲንሸራተት ከተፈለገ ቴፍሎን ነው፤ ሙቀቱ ከ260 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ግን አይሆንም። አልማዝ የመቁረጫና የመሞረጃ ነገር ነው።

ዋናው ጥያቄ ከረንቱ ነው። የተለመደው የዋትስ ገንዳ (ኒኬል ሰልፌት፣ ኒኬል ክሎራይድና ቦሪክ አሲድ ያለበት) በካሬ ዴሲሜትር ከ2 እስከ 10 አምፔር አካባቢ ይሠራል። ለባጩ ቶሎ ለመጨረስ ከረንቱን ከልክ በላይ ሲያወጣው ኒኬሉ ይሮጣል፣ ዱቄቱ አይደርስበትም። ልብጡ ወፍራም ይሆናል፤ በውስጡ ያለው ቅንጣት ግን ይሳሳል። ጠርዙም ይቃጠላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ከረንቱ ረጋ ሲል ቅንጣቱ ገጹ ላይ ለማረፍ፣ ኒኬሉም ዙሪያውን ለመክበብ ጊዜ ያገኛሉ።

በቀጥታ ከረንት ፋንታ እየበራ እየጠፋ የሚሄድ፣ ፐልስ የሚባል አለ። በጠፋባት ቅጽበት ገጹ አጠገብ የተሟጠጠው ኒኬል ይተካል። ውጤቱ ደቀቅ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ ልብጥ ነው። የራሱን የከረንት መስጫ መሣሪያ ስለሚፈልግ ዋጋው ከፍ ይላል። እኔ ለቀጭንና ውስብስብ ዕቃ እከፍልበታለሁ። ለተራ ዘንግ ግን በደንብ የተያዘ ቀጥታ ከረንት ይበቃኛል።

ማማሰሉም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቀርፋፋ ከሆነ ዱቄቱ ይዘቅጣል። ወደ ላይ የዞረው ገጽ ይጠግባል፣ ከታች ያለው ይራባል። ከመጠን በላይ ከሆነ ደግሞ ኒኬሉ ሳይዘው ያጥበዋል። ስለዚህ ናሙና ስትጠይቁ ከታችኛው ጎን ይቆረጥ በሉ። ሻጭ የሚያሳየው የላዩን ነው!

«ናኖ» (እጅግ ደቃቅ፣ በናኖሜትር የሚለካ ዱቄት) የሚል ቃል ሲመጣ ረጋ በሉ። ደቃቅ ዱቄት በእርግጥ የኒኬሉን ክሪስታል ያደቀዋል፣ ጥንካሬም ይጨምራል። ግን በፈሳሹ ውስጥ ይጓጉላል። የጓጎለው ክምር በሰበቃ ተነቅሎ ይወጣና ጉድጓድ ይተዋል። እኩል የተበተነ ሻካራ ዱቄት ከተጓጎለ ናኖ ይሻላል። እንዳይጓጉል ሰርፋክታንት (እንደ ሳሙና ቅንጣቶቹን የሚለያይ ኬሚካል) ይጨመራል፤ ሲበዛ ግን ልብጡን ተሰባሪ ያደርገዋል።

ወፍራም ልብጥ ከፈለጋችሁ ከዋትስ ይልቅ የሰልፋሜት ገንዳ (ኒኬሉ በኒኬል ሰልፋሜት መልክ የሚሟሟበት) ይመረጣል፤ በልብጡ ውስጥ የሚቀረው ውጥረት ዝቅ ያለ ነው። በዋትስ ውጥረቱን ለመቀነስ ሳካሪን የሚጨምሩ አሉ። ሳካሪን ድኝ ስለሚያስገባ ዕቃው ከፍተኛ ሙቀት ላይ የሚሠራ ከሆነ ልብጡ ይሰባበራል። የፈሳሹ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ደግሞ ከ3.5 እስከ 4.5 መካከል ቢቆይ ጥሩ ነው። ከ5 ሲያልፍ ኒኬል ሃይድሮክሳይድ ይቀላቀልበታል።

የምታስለብጡት ጠንካራ ብረት፣ ስፕሪንግ ወይም ቡሎን ከሆነ ለባጩን አንድ ነገር ጨምራችሁ ጠይቁ፦ ከለበጣችሁት በኋላ ምድጃ ውስጥ ታሞቁታላችሁ ወይ? በሥራው ጊዜ ብረቱ ውስጥ የገባው ሃይድሮጅን በሙቀት ካልወጣ፣ ልብጡ ደህና ሆኖ ሳለ ቡሎኑ ራሱ ከቀናት በኋላ ሊሰበር ይችላል።