ደሴ ላይ የልጄን ጆሮ ካልቸር ያስደረግሁበት ላቦራቶሪ

ፒያሳ አካባቢ ያለ የግል ላቦራቶሪ ነው። የምወቅሰውም ስላለኝ ስሙን አልጠራም።

ጥር ላይ፣ የጦሳ ብርድ በከፋበት ሰሞን፣ የ3 ዓመቱ ልጄ ጆሮውን ይዞ ሲያለቅስ አደረ። ጠዋት ትራሱ ላይ መግል አየሁ። እናቴ ጤና አዳም ላንጠብጥበት ብትል እምቢ አልኳት። እኔ ግን ከእሷ አልተሻልኩም፤ የእህቴ ልጅ በአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ስለዳነ ሐኪም ሳላማክር ያንኑ ገዝቼ አጠጣሁት። አራት ቀን ሙሉ መግሉ እንጂ ለውጥ ጠብ አላለም። በኋላ ሐኪም ካልቸር አዘዘልን፤ ከጆሮው ፈሳሽ ተህዋሲውን አብቅሎ የሚለይ ምርመራ ነው።

ናሙና የወሰደው ልጅ እጁ ለስላሳ ነው። «አብሽር ጀግናው» እያለ በጥጥ ዘንግ ፈሳሹን ነካ አድርጎ ጨረሰ። ሽሮፑን ሳልጀምር መምጣት እንደነበረብኝም ነገረኝ፤ መድኃኒቱ ተህዋሲውን ሊደብቀው ይችላል።

በሦስት ቀን ይደርሳል የተባለው ውጤት በአምስተኛው ቀን መጣ። 850 ብር ከፍዬ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ! የተገኘውን ባክቴሪያ ስም ሳነበው ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ፤ ባለፈው ወር እህቴ እዚሁ ልጇን አስመርምራ ያገኘችው ራሱ። «ታዲያ የሷን ልጅ ያዳነው የኔን ለምን አላዳነም?» ብዬ ሞገትኩ።

ባለሙያው ሳህኑን አመጣ። ተህዋሲው የሚበቅልበትን ቡናማ ነገር «ቸኮላት አጋር» ይሉታል፤ ቸኮላት የለበትም፣ በሙቀት የጠቆረ ደም ነው። በሌላ ሳህን ላይ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ተደርድረዋል። የአንዳንዶቹ ዙሪያ ጠርቷል፤ መድኃኒቱ ተህዋሲውን አላስበቀለውም ማለት ነው። በአንዷ ግን ተህዋሲው እስከ ጠርዟ ድረስ በቅሏል።

«የላስታውም የቃሉውም ወሎዬ ነው፤ ጠባያቸው አንድ ነው?» አለኝ። ሄሞፊለስ ከሌሎች የወጣ ዲኤንኤ ከአካባቢው አንስቶ የራሱ ያደርጋል፤ ስለዚህ በአንድ ስም ሥር ዘረመላቸው የተለያየ ብዙ ዝርያዎች አሉ። የኔ ልጅ ጆሮ ውስጥ ያለው አሞክሲሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም የሚሠራ ጂን ይዟል።

«በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንቱ ተከትቦ የለ እንዴ?» አልኩ። ለካ ያ ክትባት በሄሞፊለስ በኩል የሚከላከለው ዓይነት ቢ የሚባለውን ብቻ ነው፤ ጆሮ የሚያመግለው አብዛኛውን ጊዜ ሽፋን የሌለው ዘመዱ ነው። ሌላው ጆሮ የሚያመግል ባክቴሪያ ኒሞኮከስም ከ100 በላይ ዓይነት አለው፣ የሱም ክትባት የተመረጡትን ብቻ ነው የሚይዘው።

ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ያን ኢንዛይም የሚገታ ክላቩላኔት የሚባል ነገር ያለበትን አሞክሲሲሊን ቀየረልን፤ በሦስተኛው ቀን ትራሱ ደረቀ።

ሥራቸውን ወድጄዋለሁ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ግን ስለተከራከርኩ ነው፤ አጠገቤ የነበረችው እናት ወረቀቷን አጣጥፋ ዝም ብላ ወጣች። ደግሞ ሰኞ አትሂዱ፤ ገበያተኛው ሁሉ ስለሚመጣ ኮሪደሩ ላይ መቀመጫ አይገኝም።