ኮምፒውተሮቻችንን ሳያስጥለን ወደ ዊንዶውስ 11 ላሻገረን ልጅ ምስጋና

ሰላም ለሁላችሁ፣ ይሄን ሳልጽፍ ብቀር ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። በምሰራበት ቢሮ 9 ኮምፒውተር አለን፣ ሁሉም ዊንዶውስ 10 ነበሩ፣ መደበኛ ድጋፉ (ማይክሮሶፍት በነጻ የሚልከው የሴኪዩሪቲ አፕዴት) ደግሞ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 2025 ላይ ያበቃል ሲባል አንዱ ቶሎ እንቀይር ይላል፣ አንዱ የሚሰራ ነገር ለምን ይነካል ይላል፣ በዚህ መሀል አንድ ባለሙያ ተጠርቶ መጣና አንዷን ብቻ ከፍቶ አይቶ "አሮጌ ናቸው፣ አዲስ ግዙ" ብሎን ሄደ። የሂሳብ ፋይሉ በሙሉ በኔ እጅ ስለሆነ እውነት ለመናገር እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ከዛ ጓደኛዬ ይሄን ልጅ ጠቆመችኝ። ገና እንደመጣ "እህቴ፣ በየቀኑ የምትከፍቷቸው ፕሮግራሞች የትኞቹ ናቸው? ፕሪንተራችሁስ ስንት ዓመቱ ነው?" አለኝ፣ ኮምፒውተር ሳይነካ ማለት ነው። ቀጥሎ 9ኙንም አንድ በአንድ ከፍቶ ፕሮሰሰሩን ራሙን ዲስኩን ወረቀት ላይ ጻፈ። 6ቱ 8ኛ ጀነሬሽን ኢንቴልና ከዛ በላይ ናቸው፣ ዊንዶውስ 11 የሚቀበላቸው ናቸው፣ ግን ከነሱ 4ቱ አይችሉም የሚል መልእክት ያመጡ የነበረው ቲፒኤም የሚባለው የደህንነት ነገር ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚሰራው ሴቲንግ) ውስጥ ጠፍቶ ስለነበረ ነው! ማብራት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፣ እኛ ግን ጥላችሁ ግዙ ተብለን ነበር።

ባክአፕ ሳይወስድ ምንም አልጀመረም። የሁሉንም ፋይል ውጪያዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጠና ጥቂቶቹን እዛው ከፍቼ እንዳይ አደረገኝ፣ መገልበጡን ሳይሆን መከፈቱን ነው ማየት ያለብሽ አለኝ። አንዷ ላፕቶፕ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፍ የዊንዶውስ መከላከያ) ነበራት፣ ባዮሷን ከመንካቱ በፊት የሪከቨሪ ቁልፉን አውጥቶ አስቀመጠልን፣ ያለዛ ስትነሳ ቁልፍ ጠይቃ ፋይላችን እዛው ሊቀር ይችል ነበር። ይሄን እኔ ከየት አውቀዋለሁ?

በጣም የወደድኩት ግን አለመቸኮሉን ነው። መጀመሪያ አንዷን ብቻ ወደ 11 አሳደገና አንድ ሳምንት ስሩበት አለን፣ ካሳደጉ በኋላ ወደ 10 ለመመለስ ያለው ጊዜ 10 ቀን ስለሆነ በዛ ውስጥ ችግሩን ፈልጉት ብሎ። ልክ ነበር፣ በ2ኛው ቀን የሂሳብ ፕሮግራሙ ቢሰራም አሮጌው ፕሪንተር አላትም አለ፣ ደውዬለት መጥቶ ትክክለኛውን ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ የሚያግባባውን ፕሮግራም) ጫነና ሌሎቹን ከዛ በኋላ ቀጠለ። ሁሉንም በአንድ ቀን አድርጎት ቢሆን ቢሮው ስራ ያቆም ነበር።

የቀሩት 3ቱ ፕሮሰሰራቸው አሮጌ ነው። እኔ ራሴ የዊንዶውስ 11ን ፍተሻ አልፈህ በግድ ጫንልን ብዬው ነበር፣ እሱ ግን ይቻላል፣ ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ አፕዴት ዋስትና አይሰጥም፣ የሂሳብ ስራ የሚሰራበት ላይ አላደርገውም አለኝ። 2ቱ ዊንዶውስ 10 ላይ ይቆዩ፣ ድርጅት በየዓመቱ እየከፈለ እስከ 3 ዓመት የሚያገኘው የሴኪዩሪቲ አፕዴት አለ፣ እስከዛ ቀስ ብላችሁ ትተካላችሁ አለ። 3ኛዋ ራሟ 4 ጂቢ ነው፣ ኢሜይልና ኢንተርኔት ብቻ ስለሆነ የሚሰራባት ሊኑክስ ሚንት (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሰራ ነጻ ሲስተም) ጫነባት፣ አሁን ከድሮዋ ፈጥናለች።

አዲስ ኮምፒውተር ሊሸጥልን ይችል ነበር እኮ፣ አምነነው ስለነበር እንገዛው ነበር። ወንድሜ በጣም ነው የማመሰግንህ፣ እድሜና ጤና ይስጥህ!

ስልኩን እዚህ መለጠፍ አልፈለግኩም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አስፈቅጄው እሰጣችኋለሁ። ስንት ኮምፒውተር እንዳላችሁና ምን ፕሮግራም እንደምትጠቀሙ አብራችሁ ጻፉልኝ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።