የራስ ተፈሪ ቤትና የሸሪፍ ሙዚየም

ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም ከሚጠራው ቤት አቅራቢያ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም፣ በአገራችን ካየኋቸው ሙዚየሞች ሁሉ ቤቱና በውስጡ ያለው ቅርስ ይበልጥ የተስማሙበት ነው። ሕንጻውን አንድ ህንዳዊ ነጋዴ እንዳሠራውና ኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ራስ ተፈሪ የጫጉላ ጊዜያቸውን እንዳሳለፉበት ይነገራል፤ የራስ ተፈሪ ቤት የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጎብኚ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፊት ለፊቱን የእንጨት ቅርጽ ረጋ ብሎ ቢመለከተው መልካም ነው።

ስብስቡ አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ በመኖሪያ ቤታቸው የጀመሩት የብዙ ዓመት ድካም ፍሬ ሲሆን፣ የሐረር ገዢዎች የነበሩትን የአሚሮቹን ዘመን ሳንቲሞች፣ የጦር መሣሪያዎች፣ የሐረሪ ልብሶችንና ስፌቶችን እንዲሁም የቆዩ የዘፈን ቅጂዎችን ያካትታል። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጡት የእጅ ጽሑፎቹ ናቸው። የደጋው የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት በብራና ሲጻፉ፣ የሐረር ጸሐፍት በአብዛኛው የሚጠቀሙት በንግድ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ወረቀት ነበር፤ ጥራዙን ደግሞ የከተማዋ ደጓሾች ጌጥ በታተመበት ቆዳ ይለብጡታል። ወረቀት እንደ ብራና ጽኑ ባለመሆኑ ብዙው ጽሑፍ ጠርዙ ተበልቶ ወይም ከጥራዙ ተለይቶ ነው ዛሬ የደረሰው። አቶ አብዱላሂ እነዚህን ቁርጥራጮች ዋጋ የላቸውም ብለው አለመተዋቸው፣ ይልቁንም በገዛ እጃቸው እየጠገኑ ማቆየታቸው ትልቅ ውለታ ነው፤ አንዲት የተገነጠለች ቅጠል እንኳ የቀለሙን፣ የወረቀቱንና የጸሐፊውን እጅ ትመሰክራለችና። የሐረር ቁርዓኖች ጽሕፈትና የገጽ ጌጥ (ሐረግ) ከህንድ ቁርዓኖች ጋር እንደሚመሳሰል አጥኚዎች ጽፈዋል፤ ይህን ያወቀ ሰው ህንዳዊ ባሠራው ቤት ውስጥ ሆኖ ሲያያቸው፣ ከተማዋን ከህንድ ውቅያኖስ ጋር ያገናኛት የንግድ መስመር በዓይኑ ፊት ይዘረጋለታል።

አንዳንድ አስጎብኚዎች እንግዶቻቸውን በፍጥነት አዙረው ወደ ጅብ ትርኢት ለመውሰድ ይቸኩላሉ። ጅቡ የሚመገበው ሲመሽ ስለሆነ ጥድፊያው አያስፈልግም። የሚቻል ከሆነ ጠዋት ሄዶ ከመጻሕፍቱ መጀመርና ቅርሱን በቅርብ የሚያውቁትን የቤቱን ሰዎች መጠየቅ ይሻላል፤ የራምቦን ቤት ከዚያ በኋላ በእግር ተጉዞ ማየት ይቻላል።