ሀዋሳ ያላችሁ የሂሳብ ባለሙያዎች፦ «በብሮውዘር የሚከፈት ፒችትሪ» የሚሸጥ ሰው ከመጣባችሁ

ጉዳዩ ገና ስላላለቀ የሻጩን ስም አልጠራም። ግን መናኸሪያ አካባቢ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኛ ቢሮ ስድስት ሆነን የሰው ሂሳብ እንሠራለን። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ያለን አንድ ኮምፒውተር ላይ ስለነበር ሁሌ ወረፋ ነው። ሻጩ መጣና ላፕቶፑን ከፍቶ አሳየኝ። ክሮም ላይ በስምና በፓስወርድ ገባ፣ «ቢሮዬ» የሚለውን ተጫነ፣ አንድ ሙሉ ዊንዶውስ እዚያው ታቡ ውስጥ ተከፈተ። «ጋሼ፣ መብራት ቢጠፋብዎት እንኳ ሥራዎ ካቆሙበት አይነቃነቅም» አለኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ ፕሮግራሙ የሚሠራው ሩቅ ያለው ሰርቨር ላይ ነው፣ እኛ ዘንድ የሚመጣው ምስሉ ብቻ ነው። ወደድኩት። ለ6 ሰው የዓመት 48,000 ብር አስገባሁ። ደረሰኙ «የሶፍትዌር ላይሰንስ፣ 6 ተጠቃሚ» ይላል። የካቲት 25 ሥራ ጀመርን።

ሰኔ 25 ጠዋት አንዳችንም መግባት አቃተን። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ አምስት ቀን ቀርቶት! ስክሪኑ ላይ «የላይሰንስ ሰርቨር አልተገኘም» የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ ይወጣል። ስደውልለት «ቀላል ነው ጋሼ» አለና ለሁላችንም አዲስ ፓስወርድ ላከ። ገባን። ማለቴ፣ ሁለት ሰው ገባ። ሦስተኛዋ ስትሞክር ከገቡት ማንን ላስወጣ ብሎ ይጠይቃታል። ያን ቀን ቢሮው ውስጥ የሚሰማው «ጋሼ፣ እርስዎን ላስወጣዎት?» ብቻ ነበር።

ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ የእህቴ ልጅ አለ፤ ማታ መጥቶ አየው። ለካ ዊንዶውስ ሰርቨር ለአስተዳዳሪ ሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚያስገባው። ከዚያ በላይ ሰው አብሮ እንዲሠራበት በየሰው ወይም በየኮምፒውተሩ ካል የሚባል ፈቃድ መግዛት ግድ ነው። ማይክሮሶፍት ያለ ፈቃድ የሚታገሰው 120 ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥርት ያለ አራት ወር፤ ከየካቲት 25 እስከ ሰኔ 25። ሻጩ ካል የሚባል አንድም አልገዛም። 120 ቀኑ ሲያልቅ ሁላችንንም አስተዳዳሪ አድርጎ በሁለቱ ወንበር አጨናነቀን። የሂሳብ ሰው ሆኜ ደረሰኝ ላይ የተጻፈውን አምኜ ሰነዱን አለመጠየቄ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ሻጩ «የራሴ ፈጠራ» ያለው ዌብሳይትስ? የእህቴ ልጅ ኮንትሮል፣ አልትና ሺፍትን አንድ ላይ ተጫነ፤ ከጎን አንድ ሜኑ ተንሸራቶ ወጣ። ሳቀ። አፓቺ ጓካሞሌ የሚባል፣ የሩቅ ኮምፒውተርን በብሮውዘር የሚከፍት ሶፍትዌር ነው፣ ማንም በነጻ የሚያወርደው፤ የሻጩ ድርሻ ሎጎ መለጠፍ ነበር። (ስሙ ከተፈጨ አቮካዶ የመጣ ነው አሉ። እኛ አቮካዶ በሞላበት ሲዳማ ተቀምጠን አቮካዶ በ48,000 ብር ገዛን።) ነጻ ሶፍትዌር አስተካክሎ፣ የድካሙን አስከፍሎ መሸጥ ነውር የለውም፣ ፈቃዱም አይከለክልም። ነውሩ የሌለ ላይሰንስ ደረሰኝ ላይ መጻፉ ነው።

ከዚህ የባሰው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ሶፍትዌሩ ሲተከል አብሮት የሚመጣው የአስተዳዳሪ ስምና ፓስወርድ፣ ሁለቱም «ጓክአድሚን» የሚሉት፣ አልተቀየሩም። አንዴ ሞከርነው፣ ገባ። 3389 የሚባለውን የሪሞት ዴስክቶፕ (ኮምፒውተርን ከሩቅ የመክፈቻ) በር ደግሞ ሻጩ ለራሱ እንዲመቸው ለኢንተርኔት ክፍት ትቶታል። የሰርቨሩ መዝገብ ላይ 4625 የሚል ቁጥር እየደጋገመ ይወርዳል፤ ያልተሳካ የመግባት ሙከራ ማለት ነው። ስንወርድ ስንወርድ ማለቂያ የለውም። የደንበኞቻችን ደመወዝ፣ ቲን ቁጥር፣ ሽያጭ ሁሉ እዚያ ነው ያለው።

«ክላውድ» ያለውም ሱቁ ውስጥ ያለ ዴስክቶፕ ነው። ይህን ያወቅነው እኛ ጋ መብራት እያለ እሱ ሰፈር ሲጠፋ ነው።

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ በደንብ ከተሠራ እኔም ዛሬም እገዛዋለሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን የካሉን ግዢ ሰነድ በዓይናችሁ እዩ። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ አስገብታችሁ ሞክሩ፤ ይህ ብቻ ግን አያድንም፣ እኛም አራት ወር ሙሉ ስድስታችንም ስንገባ ነበር። ሰርቨሩ የት እንደተቀመጠ ሄዳችሁ እዩ፤ ባክአፑ በየቀኑ እናንተ ጋ ይምጣ። «ዊንዶውስ ሆም ላይ እተክልላችኋለሁ» ካላችሁ ደግሞ ወሬውን እዚያው ቁረጡት፤ ሆም ከውጭ የሚመጣ ሪሞት ዴስክቶፕ አይቀበልም። ቤት ሆኖ የቢሮውን አንድ ኮምፒውተር መክፈት ብቻ ለሚፈልግ የዊንዶውስ ፕሮ የራሱ ሪሞት ዴስክቶፕ ከቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ ከሚዘረጋ የተጠበቀ የግል መስመር) ጋር ይበቃዋል።

እኛ ፋይሎቻችንን በሐርድ ዲስክ ተቀብለን ወደ ወረፋችን ተመልሰናል። ብሩን «ሰኞ እመልሳለሁ» ብሎኛል። ሦስት ሰኞ አልፏል።