የጫጩት ኢንኩቤተር ለእባብ እንቁላል፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ዕቃው ለጫጩት መፈልፈያ ተብሎ የተሠራ ርካሽ የፎም ሳጥን ነው፤ ማሞቂያውና ትንሹ ፋን ክዳኑ ላይ ናቸው። ለኮርን ስኔክ (ሰዎች በቤት የሚያረቡት መርዝ የሌለው እባብ) እንቁላል ይሆናል፤ ግን እንዳለ አይደለም።

ከካርቶኑ ሲወጣ 37.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ተስተካክሎ ነው። ለዶሮ ልክ ነው፤ ኮርን ስኔክ ግን የሚፈልገው ከ27 እስከ 29 ነው። 28 አካባቢ ከተያዘ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። 25 ላይ ቢወርድ ሳምንታት ይዘገያል እንጂ ይፈለፈላል። ከ32 በላይ ከሰነበተ ግን ፅንሱ ይሞታል፣ ቢወጣም አከርካሪው የተጣመመ ሊሆን ይችላል። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ ብዙም አያስጨንቅም፤ የሚያስፈራው ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ነው።

የሳጥኑ ትልቁ ድክመት ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ነው። ማሞቂያው አጠገብ ስለተሰቀለ ስክሪኑ 29 እያለ እንቁላሉ ጋ 27 አይሞላም። የሚበጀው የራሱን ማሞቂያ አጥፍቶ፣ ከሥር የተሳቢ እንስሳት ማሞቂያ ምንጣፍ ዘርግቶ በውጭ ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) ማስኬድ ነው፤ የቴርሞስታቱ ሴንሰር እንቁላሎቹ መካከል ይቀመጥ። በውኃ የተሞሉ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ሙቀቱ አይዋዥቅም። ሳጥኑ ማቀዝቀዝ ስለማይችል ክፍሉ ከ28 በታች መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ከዕቃው የሚቀረው ፎሙና መስኮቱ ብቻ ነው፤ እውነቱን ለመናገር የዓሣ ማጓጓዣ ፎም ያለው ሰው ይህን ባይገዛ አይቆጨውም።

እንቁላል የሚያገላብጠውን ክፍል ነቅሎ ማውጣት ግድ ነው። የእባብ ፅንስ እንቁላሉ ከተጣለ ከአንድ ቀን በኋላ የቅርፊቱን የላይኛ ግድግዳ ይይዛል፤ ከተገለበጠ ሊሞት ይችላል። አናቱ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግ፤ ተጣብቀው የተጣሉትንም ለመለየት አትታገሉ።

ፋኑ ስለሚያደርቅ እንቁላሎቹ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ እርጥብ ቨርሚኩላይት (ውኃ የሚይዝ ቀላል የማዕድን ፍርፋሪ) ላይ ግማሽ ድረስ ተቀብረው ይቀመጣሉ። መጠኑ በሚዛን እኩል ለእኩል ነው፦ 200 ግራም ቨርሚኩላይት ለ200 ግራም ውኃ። ሲጨበጥ ውኃ ካንጠባጠበ በዝቷል። እንቁላሉ በመጀመሪያው ወር ከተሰረጎደ ደርቋል ማለት ነው፤ እርጥበት ይጨመር፣ ውኃው ግን እንቁላሉ ላይ አይፍሰስ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሲሰረጎድ ግን የጤና ነው።

ግልገሉ ቅርፊቱን ቀድዶ አፍንጫውን ካወጣ በኋላ አስኳሉን መጥጦ እስኪጨርስ አንድ ሁለት ቀን እዚያው ይተኛል። መጎተት የለም። መስኮቱ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው፤ ክዳን ሳይነሣ ማየት ይቻላል።