የአባቴን እጆች ለቀረጸችው የአባዶ ልጅ፤ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። በስልክ አመስግኛታለሁ፤ ግን አልበቃኝም። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ወጣት ፎቶግራፍ አንሺና የአጭር ፊልም ሠሪ አለች። ስሟን በአደባባይ እንዳላወጣው ስለጠየቀችኝ ፈቃዷን አከብራለሁ። ሥራዋን ግን ሰው ሁሉ እንዲያውቅላት እፈልጋለሁ።

አባቴ በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ለረጅም ዓመታት ፊደል ለቃሚ ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው ይህን ሥራ አያውቀውም። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ጋዜጣውም መጽሐፉም የሚዘጋጀው ከእርሳስ የተሠሩ ትንንሽ ፊደላትን ከሳጥን እየለቀሙ፣ አንድ በአንድ እየደረደሩ ነበር። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹና አኃዞቹ ሳይቆጠሩ። ለቃሚ የእያንዳንዱን ቦታ እጁ ያውቀዋል። የእርሳሱ ፊደል በመስታወት ውስጥ እንደሚታይ የተገለበጠ ስለሆነ፣ ዓይኑም ግልባጩን ማንበብ ይለምዳል። አባቴ ይህን ሁሉ ችሎ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን «እርሳስ ስለቅም ኖርኩ» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል።

ሰማንያ ዓመት ሲሞላው ታሪኩን በፊልም እናስቀር ተባባልን። እኔ ፈርቼ ነበር። ከዚህ በፊት የእህቴን ሠርግ የቀረጸ ሰው ቀብዱን ተቀብሎ ስምንት ወር አመላልሶናል፤ በመጨረሻም የሰጠን ቪዲዮ እናቴ የመረቀችበት ክፍል የለውም። ይህችን ልጅ የጠቆመችኝ ጎረቤታችን ናት። «መጀመሪያ ከእሷ ጋር ቡና ጠጡ» አለችኝ።

እውነትም የመጀመሪያው ቀን ያለ ካሜራ መጣች። ቡናው እስከ በረካ ድረስ ተጠጣ። አባቴን «አባባ፣ የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩኝ» አላለችውም። «የ‹ን› ሳጥን በየት በኩል ነበር?» ብላ ጠየቀችው። አባቴ ስኒውን ገፋ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ በጣቱ ያሳያት ጀመር፤ አብዝቶ የሚፈለገው ፊደል እጅ አጠገብ፣ አልፎ አልፎ የሚመጣው ራቅ ብሎ። እኔ ልጁ ሆኜ ይህን ጥያቄ በዕድሜዬ ሙሉ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም።

ለቀረጻው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ በር አንኳኳች። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ስለታም ነው፤ በሽማግሌ ፊት ላይ ዓይንን ጉድጓድ ያስመስለዋል። ስለዚህ የማለዳውን ብርሃን በመስኮት በኩል ፈለገችው። ገና ስንጀምር መብራት ጠፋ። እኔ ቀኑ ከሸፈ ብዬ ስጨነቅ እሷ የእናቴን ነጠላ ለምና ከአባቴ ጎን በሁለት ወንበር መካከል ወጠረችው፤ የመስኮቱ ብርሃን ነጠላው ላይ አርፎ በጨለማ የነበረውን ጉንጩን አበራው።

ከዚያ ያደረገችው ነገር እስካሁን ከፊቴ አይጠፋም። ስስ ወረቀት ላይ በወፍራም ቀለም አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ነበር። ወረቀቱን ገልብጣ መስኮቱ ላይ ለጠፈችው። ጽሑፉ ከጀርባ ተገልብጦ ይታያል፤ እኔ ከመጀመሪያው ፊደል አላለፍኩም። አባቴ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገና ሳያመነታ «ስምንት ገጽ» አለ። ጽሑፉ «ዛሬ ጋዜጣው ስንት ገጽ ነው?» የሚል ነበር። አንብቦ መመለሱን እንኳ አላስተዋለውም። ካሜራው ያን ጊዜ እየቀረጸ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት አወራ፤ ስለ ሌሊት ፈረቃው፣ ስለ አራት ኪሎ ሻይ ቤት፣ አንድ ፊደል ተሳስቶ ገጹ ስለተፈታበት ቀን። እሷ አንዴም ከአፉ አልነጠቀችውም።

ፊልሙ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ከሥሩ ሙዚቃ የለውም፤ የአባቴ ጣቶች ጠረጴዛውን ሲነኩ ይሰማል። ከተዋዋልንበት ቀን አራት ቀን ቀድማ አስረከበችን።

ስለ ራሷ ብዙ አትናገርም፤ ያወቅሁትን ያህል ልበል። የተማረችው ሒሳብ አያያዝ ነው። ያገለገለውን ካሜራዋን የገዛችው እቁብ በደረሳት ጊዜ ነው። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችውን አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል ለማየት ከአባዶ በሁለት ታክሲ ሄዳ፣ አንድ ፎቶግራፍ ፊት ግማሽ ቀን መቆሟን ነግራኛለች። የምረቃና የሠርግ ሥራ ትሠራለች፤ ከዚያ የምታገኘው ደግሞ ለራሷ አጫጭር ፊልሞች ይውላል። አሁን የያዘችው ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ታክሲ ስለሚጠብቁ ሴቶች ነው።

በየቅዳሜው ጠዋት የብሎካችን የጋራ መጠቀሚያ ቤት ውስጥ ነጭ አንሶላ ሰቅላ ለአረጋውያን ጉርድ ፎቶ በነጻ ታነሳለች፤ ለመታወቂያም ለጡረታም። ከጉርዱ ጋር አንድ ተለቅ ያለ ፎቶ አሳጥባ ትሰጣቸዋለች። ለአንዳንዶቹ ግድግዳቸው ላይ ያለው ብቸኛ ምስላቸው እሱ ነው። በክረምት የአረጋውያን ቤት ሲታደስ አይቻታለሁ፤ ካሜራዋን ከቦርሳ ያወጣችው ጭቃ አቡክታ፣ እጇን ታጥባ፣ ባለቤቲቱን አስፈቅዳ ነው። እሳቸው «ቤቱን አንሺ፣ እኔን ተይኝ» አሏት፤ ቤቱን ብቻ አነሳች። የተረጂ ፊት ያለ ፈቃድ በየስልኩ በሚዞርበት በዚህ ጊዜ ይህ ጠባይ ለእኔ ከሙያዋ እኩል ይመዝናል።

ልታሠሯት ለምታስቡ፦ ዋጋውን፣ የቀረጻ ቀኑን፣ ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንደሚፈቀድና የርክክቡን ቀን በወረቀት ጽፋ ታስፈርማለች፤ ግማሹን ቀብድ፣ ግማሹን ስታስረክብ ትቀበላለች። ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ንገሯት። ፊት አታነጣም፣ መጨማደድ አታጠፋም፤ ይህን የሚፈልግ ሰው ሌላ ቢያይ ይሻለዋል። አንድ ሺህ ፎቶ ለሚጠብቅም አትሆንም፤ መርጣ ጥቂት ነው የምትሰጠው። የአባት የእናት ታሪክ ማስቀረት፣ የእጅ ሥራ ወይም የትንሽ ድርጅት ፊልም ማሠራት ለሚፈልግ ግን ያለ ስጋት እጠቁማታለሁ። እባካችሁ ዋጋዋን አታስቀንሷት፤ እኛ የከፈልነው ከድካሟ ያነሰ መሆኑን ያወቅነው ሥራውን ካየን በኋላ ነው።

በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ቅዳሜ ከረፋዱ በፊት ግን አትደውሉላት፤ አንሶላው ፊት ለፊት ወረፋ የሚጠብቋት እናቶችና አባቶች አሉ።